ያንግዜ፣ ያንጊዜ

ፎርማናችን ሊዩ ነበር ስሙ፤
እኛ ፌራዮዎቹ «ልዩ» አልነው፣ ሲያንኳኳ እያየነው ብረት፣
ጆሮውን አስጠግቶ፣ እንደ ሐኪም ከደረት።
ካንዱ ዘንግ ወደ ሌላው፣ መዶሻው ቀለል ሲል፦
ኳ! ያደርግና ዝም። ኳ! ያደርግና ዝም።
«የታመመ ብረት» አለን አንድ ቀን በስብርባሪ አማርኛ፣
«አይጮህም። ያጉረመርማል።»
እኛ ደግሞ ሳቅን፤ ብረት መች ይታመማል?

ከሽምብጥ በኩል፣ ከሸራው ጥላ ስር፣
እሱ ሩዙን ሲለቅም፣ እኛ ሽሯችንን ስንቆጥር፣
ስልኩን አወጣና አንድ ፎቶ አሳየን፦
ጭጋግ። ሰፊ ወንዝ። ባለ ሁለት ፎቅ ድልድይ።
ከላይ መኪና ነው፣ ከስር ባቡር።
«ያንግዜ» አለ፣ ውሃውን በጣቱ እየነካ።

እኔ የሰማሁት «ያንጊዜ» ነው።
«ያንጊዜ ምን ሆነ?» አልኩት፣ ወሬው እስኪቀጥል ጠብቄ።
«ያንግዜ» አለኝ ደግሞ።
የወንዝ ስም መሆኑ የገባኝ ሲሳቅብኝ ነው።
ግን እስከ ዛሬ አልተሳሳትኩም እላለሁ፤
ወንዝ ሁሉ ስሙ ያንጊዜ ነው፣
አሁን ብለህ ስትጠራው አልፎሃል።

አባቱ፣ አለን፣ የታችኛው ፎቅ ሐዲድ ጠባቂ ነበር።
ሌሊት ሌሊት በፋኖስ፣ ብሎን በብሎን እያንኳኳ፣
ባቡር ሲመጣ ከብረቱ ተለጥፎ፣
ባቡር ሲያልፍ ካቆመበት ቆጥሮ።
አንድ ሌሊት አንዷ ብሎን ያጉረመረመች መሰለው።
መታት። ደግሞ መታት። ደወለ።
ባቡሩ ወዲያኛው ዳር ቆመ፤
ሺህ ሰው ለምን እንደቆመ ሳያውቅ አንቀላፋ።
ብሎኗን ፈቷት፤ ደህና ነበረች።
ከደሞዙ ቆረጡበት።
«በማግስቱስ?» አልነው።
«በማግስቱም» አለ ልዩ፣ «አንኳኳ።»

እኔ ባቡር ሲባል የማውቀው ወፍጮ ነው፤
እናቴ ዳጉሳ አሸክማ የምትልከኝ፣
ቅንድቤ ዱቄት ለብሶ የምመለስበት፣
ቀኑን ሙሉ ቱክ ቱክ እያለ
ከቆመበት ንቅንቅ የማይል።
ይህን ባስተርጓሚ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ።
«ወዴት ይሄዳል?» አለኝ።
«የትም። የሚሄደው እህሉ ነው።»

ድልድዩ አለቀ። ሪባን ተቆረጠ። ልዩ ሻንጣውን ዘጋ፤
እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ መዶሻውን
ምንም ሳይለኝ ከሄልሜቴ ውስጥ ትቶልኝ።

አሁን እሁድ እሁድ ልጄን ማስተዋልን ይዤ
መሃል ድልድዩ ላይ እንቆማለን።
ባጃጅ ያልፋል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፣
አሮጌው ድልድይ ራቅ ብሎ፣ ትከሻው ጠቦ፣
እንደ ታላቅ ወንድም አይቶ እንዳላየ ይሆናል።
«አባዬ፣ ከስር ባቡሩ የታለ?» ትለኛለች፤
ጥፋቱ የኔ ነው፣ ታሪኩን ነግሬያት።

ከፍ አድርጌ አሳያታለሁ፦
ያውልሽ አያ ፈንቴ፣ ደንገል ታንኳው ላይ፣
አንደኛ ማዕረግ፣ ብቻውን ተሳፍሮ።
ከኋላው ጉማሬ፤ ሁለት፣ ሦስት ፉርጎ፣
በጭስ ፈንታ ውሃ እየተነፈሱ።
ከሁሉም ስር ደግሞ እሱ ራሱ፣
ከጣና ጉያ ሾልኮ፣ አፈራችንን ጭኖ፣
ትኬት ሳይቆርጥ የሚነጉደው።
ማደሪያ የለውም ይሉታል።
ጣቢያ ነው እንጂ ያጣው፣ መንገድማ ሞልቶታል።

ሲመሽ መዶሻውን ከኪሴ አውጥቼ
የብረት አጥሩን አንኳኳለሁ። ኳ! ዝም።
ዘበኛው ይቆጣል፦ «ምን ጠፍቶህ ነው?»
ምንም አልጠፋኝም።
በእጄ ያሰርኩት ሽቦ እዚህ አርማታ ውስጥ ነው፣
ማንም ላያየው፤
እንዴት አመሸህ ልለው ነው።
ማስተዋል ጆሮዋን ብረቱ ላይ ትለጥፋለች፣
ትንፋሿን ውጣ።
«አባዬ፣ ያጉረመርማል!»
እኔም አዳምጣለሁ። ረዘም አድርጌ።
«አይ» እላታለሁ፣ «ጉማሬው ነው።»

ግን በማግስቱም መጥቼ አንኳኳሁ።